የቤት ቁጥር፦ አዲስ

በአዲስ አበባ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ምልልስ አዲሱ ሰፈር ይደርሳል፤ ከጫኝና አውራጅ ጋር የሚደረገው የዋጋ ክርክር እንኳ ቢረዝም ከምሽት አያልፍም። ባለዕቃው ግን በመዝገብ ዓይን ገና ከድሮው ሰፈር አልተነሣም፤ ምክንያቱም ቁም ሣጥንና ፍራሽ የሚጓዙት በመኪና ሲሆን ነዋሪ የሚጓዘው በደብዳቤ ነው። ይህ ደብዳቤ «መሸኛ» ይባላል። ቃሉ «ሸኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን እንግዳን እስከ በር፣ ዘመድን እስከ መናኸሪያ የማድረስን ደግነት ያስታውሳል። ስያሜውን የመረጠው ሰው ማንም ይሁን ማን የአገሩን ልማድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ደግ አስተናጋጅ እንግዳውን «ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» እያለ ደጋግሞ እንደሚያስቀምጠው ሁሉ ወረዳውም የቆየ ነዋሪውን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

መሸኛ ነባሩ ወረዳ ለተቀባዩ ወረዳ የሚጽፈው፣ ነዋሪው እስከዚህ ቀን ድረስ በመዝገቡ እንደነበረና መታወቂያውን እንደመለሰ የሚገልጽ የአንድ ገጽ ወረቀት ነው። ገጹ አንድ ይሁን እንጂ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ አጭር አይደለም። መጀመሪያ መዝገብ ቤቱ የቤተሰቡን ፋይል መፈለግ ይኖርበታል፤ ፋይሉ ሲገኝ (በመጀመሪያው ፍለጋ የተገኘ ፋይል መኖሩን የሚጠራጠሩ አሉ) ደብዳቤው ይተየባል፤ ከተተየበ በኋላ ኃላፊው ይፈርማሉ፤ ከፊርማው ሥር የኃላፊውን ስምና ማዕረግ የያዘው፣ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ቲተር» የሚባለው ማተሚያ ይመታል፤ በመጨረሻ ክቡ ማህተም ያርፍበታል። እነዚህ አምስት ነገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚገናኙበት አጋጣሚ እንደ ፀሐይ ግርዶሽ ነው። ኃላፊው በቢሯቸው በሚገኙበት ዕለት ማህተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ በሌላ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ሆኖ ክፍለ ከተማ ስብሰባ ይሄዳል፤ ቁልፉ ከስብሰባ በተመለሰ ማግስት ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ «ሲስተም የለም» የሚለው፣ በአሁኑ ዘመን «ነገ ና» የሚለውን ነባር አነጋገር የተካው ሐረግ ይደመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ «ነገ ና» የሚለው ሰው ቢያንስ ቀን ይቆርጥ ነበር።

በየወረዳው ግድግዳ ላይ «የዜጎች ቻርተር» የተባለ ሰሌዳ ተሰቅሎ ይታያል። ቻርተሩ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚጠይቀውን ቅድመ ሁኔታና የሚፈጀውን ጊዜ በደቂቃ ሳይቀር ለክቶ የሚያሳውቅ የቃል ኪዳን ሰነድ ነው፤ ወረፋ የያዘ ሰው ከእሱ የተሻለ የሚነበብ ነገር ስለማያገኝም በአገሪቱ በብዛት ከተነበቡ ጽሑፎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ሰነዱ ሐሰት አልተናገረም። ደቂቃው የሚቆጠረው ፋይሉ ተገኝቶ፣ ሠራተኛው ተቀምጦ፣ ሲስተሙ ሠርቶ፣ ማህተሙ በእጅ ሆኖ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መሆኑን ለአንባቢው ግንዛቤ መተዉ ብቻ ነው።

የመሸኛ ትልቁ ችግር ግን መዘግየቱ ሳይሆን ተቀባዩን በቁጥር መጥራቱ ነው። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ እግር ባረፈ ነበር፤ እሱ ግን የአንድን የተወሰነ ወረዳ ስም ይዞ ይወጣል። አዲስ በተገነቡ የኮንዶሚኒየም መንደሮች የገባ ሰው ደግሞ ቤቱ በየትኛው ወረዳ ሥር እንዳለ ጎረቤቱን ቢጠይቅ አንድ ቁጥር፣ ዘበኛውን ቢጠይቅ ሌላ ቁጥር ይነገረዋል። ከሁለቱ አንዱን አምኖ ያጻፈው ደብዳቤ ተቀባይ ወረዳ ደርሶ «ይህ ብሎክ የእኛ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ያለው ነው የእኛ» ሲባል አስፋልት የሚያቋርጥ እንዳይመስለው፤ የሚመለሰው ወደ መጀመሪያው ወረዳ፣ ወደዚያው መዝገብ ቤት፣ ወደዚያው መሳቢያ ነው። ፋይሉ በዚያን ጊዜ «የተሸኘ» በሚለው መደርደሪያ ላይ ስለሚሆን ከበፊቱም ይበልጥ አይገኝም።

በዚህ መሐል ያለው ሰው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ የሕግ ሊቃውንት ቢያጠኑት መልካም ነበር። መታወቂያውን መልሷል፤ አዲስ አልተሰጠውም። ባንክ ሲሄድ «የታደሰ መታወቂያ» ይባላል፤ እሱም አራት ቦታ የታጠፈ፣ በመታጠፊያው በኩል መቀደድ የጀመረ ወረቀት ያወጣል፤ ገንዘብ ያዥዋ ወረቀቱን ፊቱን አይታ፣ ጀርባውን አይታ፣ ለአለቃዋ አሳይታ «ይሄ እኮ እርስዎ እንደሌሉ ነው የሚገልጸው» ትለዋለች። ስሕተት የለባትም። መሸኛ በባሕርዩ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ መጥፋቱን እንጂ በሌላ ቦታ መገኘቱን አያረጋግጥም።

ለዚህ ሁሉ ምንጩ «አድራሻ» የሚለው ቃል ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ከ«አደረሰ» የተወለደ ነው፤ የሚናገረውም ሰው ስለሚኖርበት ቦታ ሳይሆን ነገር ስለሚደርስበት ቦታ ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ የኢትዮጵያ ፖስታ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም.፣ የባቡር ሐዲዱ ፈቃድ በተሰጠበት በዚያው ዓመት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ፤ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይህ ተቋም ከመቶ ዓመት በላይ ባሳለፈው ዕድሜው ውስጥ ሌሎች አገሮች ዛሬም የሚቸገሩበትን የአድራሻ ለውጥ ጉዳይ እጅግ በቀላል ዘዴ ፈትቶታል፦ ፖስታውን በየቤቱ ከማዞር ይልቅ ባለቤቱ መጥቶ እንዲወስድ አደረገ። የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ በአጭሩ ፖ.ሣ.ቁ.፣ ማለት ይህ ነው፤ በዓመት ክፍያ የሚከራይ፣ በቁልፍ የሚከፈት፣ ተከራዩ ከፒያሳ ወደ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ወደ አያት ቢዛወር ከቦታው ንቅንቅ የማይል ትንሽ የብረት ቤት። በከተማው ውስጥ ለባለቤቱ ታማኝ ሆኖ የቆየ ቤት ቢፈለግ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የዓመቱ ኪራይ እስከተከፈለ ድረስ።

ሆኖም ሣጥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን በሣጥኑ ላይ አንድ ቃል ጨመሩበት፤ ቃሉም «በኩል» ነው። «ለወይዘሪት እገሊት፣ በአቶ እገሌ በኩል፣ ፖ.ሣ.ቁ. ይህን ያህል» ተብሎ የተጻፈ ፖስታ የማያውቅ ቤተሰብ አልነበረም። አቶ እገሌ አጎት፣ የመሥሪያ ቤት አለቃ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ወይም አጎቱ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራለት የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ በኢትዮጵያ በተስፋፋበት ዘመን የዚህ ቃል ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። ማመልከቻው በ1996 ዓ.ም. በኢንተርኔት መሞላት ከጀመረ በኋላም ዕጣ የወጣለት ሰው ለተወሰኑ ዓመታት የሚያውቀው በፖስታ በሚላክለት ደብዳቤ ስለነበር፣ በተውሶ ሣጥን የሞላ አመልካች ከሣጥኑ ባለቤት ጋር ዓመቱን ሙሉ አይጣላም፤ ለበዓል ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ያውቃል። ቤት መቀየር በዚያን ጊዜ አደጋ አልነበረም፤ አደጋው አቶ እገሌ መሥሪያ ቤት የቀየሩ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ ይገኛል። በዚህ ከተማ አድራሻ የቦታ ስም ሆኖ አያውቅም፤ የሰው ስም ነው። ፖስታው በአቶ እገሌ በኩል፣ ጋዝ ሲሊንደሩ በባለሱቁ በኩል፣ የመብራት ቢሉ በአከራይዋ በኩል፣ የጠፋ ልጅ በዘበኛው በኩል ይደርሳል። አድራሻ ቀየረ ማለት እንግዲህ የሚያውቀው ሰው ተቀየረ ማለት ነው፤ ይህን የሚተካ ቅጽ ደግሞ ገና አልታተመም።

ቁጥር አልተሞከረም ለማለት አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ካደራጀ በኋላ በየአጥሩ በር ላይ የቤት ቁጥር ተጻፈ፤ ከቀበሌው በላይ «ከፍተኛ» የሚባለው እርከን ስለነበረም ሰው ሁሉ ከፍተኛውን፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን እንደ አባቱ ስም በቃሉ ይዞ ነበር። ቀጥሎ ከፍተኛው ቀርቶ ወረዳ ሆነ፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ቀበሌዎቹም ተጣመሩና ስማቸው በእዝባር የተያያዘ ጥንድ ቁጥር ሆነ፤ ኋላ እነሱም ወረዳ ተባሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለው 11ኛው ክፍለ ከተማ ተወለደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወንበራቸው ያልተነሡ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የወለዱና የዳሩ እማማ፣ አንድ ዕቃ ሳያንቀሳቅሱ አራትና አምስት ጊዜ አድራሻ ቀይረዋል። ቤት የቀየረው ሰው ባለመታወቂያ ለመሆን ይንከራተታል፤ ቤት ያልቀየሩትን እማማ ደግሞ አድራሻው ራሱ ጥሏቸው እየሄደ በየጊዜው ያንከራትታቸዋል።

ቀበሌዎቹ ሲጣመሩ ከሁለቱም ወገን ቁጥር 214 የሚባል ቤት ቢገኝ አያስገርምም፤ ስለዚህ ሰነድ ላይ «የቀድሞው ቀበሌ» የሚል ቅንፍ ተጨመረ፤ ከቅንፉም በኋላ ሌላ ቅንፍ። ቁጥር ላልተሰጣቸው ቤቶች የተገኘው መፍትሔ ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው። በመታወቂያ፣ በንግድ ፈቃድ፣ በፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይቀር «የቤት ቁጥር» ከሚለው አጠገብ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ሲጻፍ ጊዜያዊ ነበር። ዛሬ ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ሁለተኛ ትውልድ የተዳረበት ቤት በሰነዱ ላይ «አዲስ» እንደሆነ አለ፤ በዙሪያው ያሉት ቤቶችም ሁሉ አዲስ ናቸው። ቁጥር ቤትን ከቤት ለመለየት የተፈለሰፈ መሣሪያ መሆኑን ለሚያምን ሰው ይህ አሠራር እንቆቅልሽ ነው፤ ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይቀር የተፈለሰፈ መሣሪያ መሆኑን ለተረዳ ግን እንከን የለውም።

ስለዚህ ሰው የሚገኘው በምልክት ነው። የምልክት አድራሻ «ከእንዲህ ያለው ቤት ፊት ለፊት፣ ታች ገባ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» በሚል ዓይነት ይነገራል፤ ጥንካሬውም ከቁጥር ይበልጣል። ሰባራ ባቡር ለተባለው ሰፈር ስም የሰጠው፣ በምኒልክ ዘመን ተበላሽቶ የቆመው የእንፋሎት ተሽከርካሪ ከሥፍራው ከጠፋ ስንት ዘመን ሆነው፤ ታክሲው ግን እስከ ዛሬ «ሰባራ ባቡር ወራጅ አለ» ይባልበታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከፒያሳ የተነሡ ሰዎች ደግሞ የዚህ አድራሻ ሌላ ገጽ ገጥሟቸዋል፤ እነሱ ከምልክቱ ሳይሆን ምልክቱ ከእነሱ ቀድሞ ሄደ። የድሮ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «የት ናችሁ?» ሲላቸው መጀመሪያ የሌለ ነገር ይጠራሉ፣ ቀጥሎ የሌለው ነገር የነበረበትን፣ በመጨረሻ «ኧረ ተወው፣ ስትደርስ ደውል፣ ልጅ እልካለሁ» ይላሉ። የከተማው እውነተኛ አድራሻ ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው።

የአሜሪካ ነዋሪ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ሙሉ አይደለም። በዚያ አገር ቤት የቀየረ ሰው ለፖስታ ቤቱ አንድ ቅጽ ሲሞላ ተራ ደብዳቤዎቹ ለ12 ወራት ወደ አዲሱ ቤት ይከተሉታል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። መሸኛ የለም፣ ቲተር የለም። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ሰው ከእሱ በፊት የነበረውን፣ አይቶት የማያውቀውን ተከራይ ዕዳና የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በየሳምንቱ ሲቀበል ይኖራል፤ የራሱ የባንክ ካርድ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ባለው የድሮ ቤቱ በር ላይ ይደርሳል። እዚያ ሰው ከአድራሻው አይጠፋም፤ አድራሻው ነው ከሰው ጋር መለያየት የሚያቅተው። እነዚሁ ሰዎች ለአዲስ አበባ ዘመዳቸው ዕቃ ሲልኩ የኩባንያው ቅጽ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ መለያ ካልተሞላ አላልፍም ይላቸዋል። መንገድ በሚለው ሥር «ቦሌ» ይሞላሉ፤ በመለያው ሥር 1000፤ በቤት ቁጥሩ ሥር ጥቂት ካሰቡ በኋላ «አዲስ»፤ ከሁሉም በታች ግን የእህታቸውን ስልክ በጉልህ ይጽፋሉ። ዕቃው የሚደርሰው በስልኩ ነው።

ወደ ወረዳው ስንመለስ፣ መሸኛውን ይዞ ተቀባይ ወረዳ ለደረሰ ሰው የሚቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ «በማን ቤት?» የሚል ነው። ባለቤት ከሆነ ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል ያቀርባል፤ ነገሩ ቶሎ ያልፋል። ተከራይ ከሆነ ግን የአከራዩን ፈቃድ ማምጣት አለበት፤ አከራዩም እንደ ሰው ተከራዩን ቢወደው እንደ ግብር ከፋይ ይፈራዋል። ተከራይ በቅጹ ላይ ተመዘገበ ማለት ኪራይ ተመዘገበ ማለት ነው፤ ኪራይ ተመዘገበ ማለት ገቢ ተመዘገበ ማለት ነው። በዚህ የተነሣ በርካታ ተከራዮች በአዲሱ ቤታቸው በይፋ «የአክስት ልጅ» ሆነው ኖረዋል፤ አከራያቸውን «እትዬ» ማለታቸውም የመታወቂያ ማውጫ ቅድመ ሁኔታ እስኪመስል ደርሷል። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ዝምድና ለማቋረጥ የታለመ ይመስላል። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ቁም ነገር አለው፤ ተከራዩ መሸኛውን ጨርሶ መታወቂያ እስኪያወጣ ድረስ ቤቱን እንዳይለቅ ሁለት ዓመት ሰጥቶታል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ጊዜው በቂ ነው።

ባለ12 አሃዙ የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር፣ ፋይዳ፣ ሲመጣ ብዙዎች ተስፋ አድርገዋል፤ ቁጥሩ የሚጣበቀው በሰውየው ላይ እንጂ በቤቱ ላይ ባለመሆኑ ቤት በቀየረ ቁጥር አይቀየርም። ተስፋው መሠረት አለው። ወረዳው ግን ቁጥሩን ከተመለከተ በኋላም ያንኑ «በማን ቤት?» የሚለውን ጥያቄ ይጠይቃል።

በዚህ ሁሉ መካከል መሸኛ ጠይቆ የማያውቅ አንድ ተቋም አለ፤ እሱም እድር ነው። ካዛንችስ ኖሮ ኮዬ ፈጬ የገባ ሰው ወርኃዊ መዋጮውን ዛሬም ለድሮው እድር ይከፍላል፤ ሩቅ ነው፣ ታክሲው ከመዋጮው ይበልጣል፣ ሆኖም አይወጣም። ምክንያቱን ሲጠየቅ «እዚያ ያውቁኛል» ይላል። የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ ወረዳ የለም፣ የቤት ቁጥር የለም፣ ፋይዳም የለም፤ «የወይዘሮ እገሊት ባል፣ የድሮው ወፍጮ ቤት አጠገብ የነበረው» የሚል ብቻ ነው ያለው። ወፍጮ ቤቱ የለም፤ ሰውየውም ከዚያ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ግን ተሳስቶ ሌላ ቤት የደረሰበት ጊዜ አይታወስም።

ቤት ለመቀየር ያሰበ አንባቢ ከሚነሣበት ቀን በፊት የተቀባዩን ወረዳ ቁጥር ከሁለት ሰው ሳይሆን ከራሱ ከወረዳው ይጠይቅ፤ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ይያዝ፤ መታወቂያውን ከመመለሱ በፊት ፊትና ጀርባውን ፎቶኮፒ ያስነሣ፤ ፎቶኮፒ ቤቱን መፈለግ አይጠበቅበትም፣ ከወረዳው በር ፊት ለፊት ነው። ዓርብ ባይሄድ ይመረጣል። በተለመደው የመንግሥት የሥራ ሰዓት የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው።